ጣርማ በር ላይ ያቆምኩት 18 ሜትር ሮቦት፣ ፓይለቷ በምን ትንዳው?

በርኖስ_ለባሽ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ። ሳቁብኝ፣ ግን መልሱልኝ ደግሞ። በአማርኛ ሳይንስ ፊክሽን እየጻፍኩ ነው። ጣርማ በር አፋፉ ላይ ሰው መሳይ ግዙፍ ሮቦት ቆሟል፣ ቁመቱ 18 ሜትር፣ ደረቱ ውስጥ አንዲት የደብረ ሲና ልጅ ተቀምጣለች፣ ፓይለቷ እሷ ናት። እስከ ምዕራፍ ሶስት ጥሩ ሄደልኝ፣ ምዕራፍ አራት ላይ ልጅቷ አስነስታው ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ልታወርደው ስትል እጄ ቀጥ አለ፣ ለካ በምን እንደምትነዳው አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ሌቨር (በእጅ ሚገፋ ሚሳብ የማሽን እጀታ) ልስጣት? ልብስ ነገር አልብሼያት እሷ ስትራመድ እሱም ይራመድ? ወይስ ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ ልሰካ? ጓደኛዬ "ዝም ብለህ እለፈው ማን ይጠይቅሃል" አለኝ፣ እኔ ደግሞ አንባቢ "ውሸቱን ነው" ብሎ እንዲዘጋው አልፈልግም።

ባኬት_ሙሉ
ወንድሜ እኔ እስካቫተር (መሬት ቆፋሪ ማሽን) ኦፕሬተር ነኝ መንገድ ስራ ላይ፣ ከማውቀው ልንገርህ። ሁለት ሌቨር አለኝ፣ በግራው ካቢኑን አዞራለሁ ክንዱን እዘረጋለሁ እሰበስባለሁ፣ በቀኙ ቡሙን፣ ማለት ከካቢኑ ስር ሚነሳውን ትልቁን ክንድ፣ አነሳለሁ፣ ባኬቱን፣ መዛቂያውን፣ አጥፋለሁ። አራት እንቅስቃሴ ነው በቃ። እሷን እንኳን ሳላስብ ለመስራት ስንት ወር ፈጅቶብኛል፣ አሁን ሚያስበው እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ታዲያ አንዳንዱ ማሽን የቡሙና የክንዱ ቦታ ተቀያይሮ ይመጣል፣ አንዴ እንደዛ ያለው ላይ ወጥቼ ክንዱን እዘረጋለሁ ብዬ ቡሙን አውርጄ የሰው አጥር ጨፈለቅኩ፣ ተመስገን ሰው አልነበረም። አሁን ሰውን ቁጠርልኝ፣ አንድ ክንድ ብቻ ትከሻው ሶስት፣ ክርኑ አንድ፣ ከክርን በታች መጠምዘዙ አንድ፣ አንጓው ሁለት፣ ሰባት ሆነ ጣት ሳይገባ። እግር፣ ወገብ፣ አንገት ስትጨምር ሰላሳ ታልፋለህ። በሌቨር ከሆነ ልጅቷ አስራ አምስት እጅ ያስፈልጋታል።

ሚካኒካል_4ኛ_ዓመት
ልብሱም አያዋጣህም፣ ተሞክሯል እኮ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሃርዲማን ሚባል ሰው ሚለብሰው ማሽን ሊሰሩ ከ1965 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ሲደክሙ ነበር፣ 680 ኪሎ ያነሳል ተብሎ። መጨረሻ ላይ በደንብ የሰራው አንድ ክንዱ ብቻ ነው። ሙሉውን ሲያበሩት እየተንፈራገጠ አስቸገራቸው፣ ሰው ውስጡ አድርገው ሙሉውን አስነስተውት አያውቁም። እነሱው ባለ አራት እግር ተራማጅ ማሽንም ሰርተው ነበር፣ ኦፕሬተሩ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ አራቱንም እግር ያንቀሳቅሳል፣ ሄዷል፣ ግን ሰውየውን እየጨረሰው፣ ምክንያቱም እያንዳንዷን እርምጃ እሱ ነው ሚያስባት።
ሌላው ደግሞ መጠን ነው። 18 ሜትር ማለት የሰው አስር እጥፍ ነው በግምት። ረጅም ነገር ቀስ ብሎ ነው ሚወዛወዘው፣ አስር እጥፍ የረዘመ እግር ሶስት እጥፍ ይዘገያል። አንተ አንድ ሰከንድ የምትራመደውን እሱ ሶስት ሰከንድ ይፈልጋል፣ እና ልጅቷ አንድ እግሯን አንስታ እንደ ሽመላ ልትጠብቀው ነው? በግድ በሷ ፍጥነት ላስኪደው ካልክ ደግሞ ደረቱ ውስጥ እንደ ቅቤ ትናጣለች። እንደ ዛፍ ተገንድሶ ከወደቀ ጭንቅላቱ መሬት ሲነካ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ እሷ ደረቱ ላይ ስላለች 60 ገደማ። ጃፓን ዮኮሃማ ላይ የነበረው 18 ሜትሩ ጋንዳም (ከካርቱን ፊልም የተወሰደ ሮቦት) እራሱ 25 ቶን ሆኖ ወገቡ ላይ በብረት ተይዞ ነው ሲንቀሳቀስ የነበረው፣ ብቻውን አልቆመም።

ጉም_ዓይኔ
ኧረ ቺፕ ቅበርባት ይለቅ። በጃንዋሪ 2024 ኒውራሊንክ ሚባለው ኩባንያ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ቀብሮ የለ? 1024 ኤሌክትሮድ (የአንጎል ምልክት ሚያነብ ጫፍ) ነው ያለው፣ ሰውየው እጁን ሳያነሳ ቼዝ ተጫወተ።

ሚካኒካል_4ኛ_ዓመት
እሱ እውነት ነው፣ ግን ያንቀሳቀሰው ኮምፒውተር ላይ ያለች ቀስት ናት፣ ቀስት ደግሞ ገደል አትገባም። እግሩ የረገጠው ድንጋይ ይንሸራተት አይንሸራተት ማን ይነግራታል? ደግሞ ሃሳብ ይበርራል። መሃል መንገድ ላይ የድሮ ፍቅረኛዋ ትዝ ቢላት ሮቦቱ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲገሰግስ ታየኝ ሃሃሃ

የመንዝ_ሰው
ልጆች ደህና ናችሁ። እኔ ሮቦት አላውቅም፣ እድሜዬም ገፋ ያለ ነው፣ ግን አርሻለሁ፣ በቅሎም ጭኛለሁ። ስታርስ አንድ እጅህ እርፍ ላይ ነው፣ አንዱ ጅራፍ ይዟል፣ ከዚያ በአፍህ ነው። በሬውን ቀኝ እግርህን አንሳ ግራህን አሳርፍ ብዬው አላውቅም። ትልሙን ነው የማሳየው፣ እግሩን እሱ ያውቃል። የአንኮበርን ቁልቁለት በበቅሎ የወረደ ሰው ደግሞ ያውቃል፣ ልጓሙን ላላ ታደርግላታለህ፣ ከያዝካት ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ። ልጅቷን በቅሎ ላይ አስቀምጣት።

ሚካኒካል_4ኛ_ዓመት
ጋሼ ጨረሱት!! ኤፍ-16 ተዋጊ ጄት እኮ ልክ እንደዚህ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ነው መጀመሪያ የበረረው፣ ሆን ተብሎ ሚዛን እንዳይጠብቅ ተደርጎ የተሰራ፣ ለብቻው ቢተዉት ይገለበጣል፣ ሚዛኑን ኮምፒውተሩ ነው ሚጠብቀው። ፓይለቱ መሪውን ሲጫን "ወደዚህ እፈልጋለሁ" ነው ሚለው፣ ክንፉ እንዴት ይታጠፍ ሚለውን ማሽኑ ይወስናል። መሪው መጀመሪያ ጭራሽ አይነቃነቅም ነበር፣ የእጅን ግፊት ብቻ ነበር ሚሰማው፣ ፓይለቶቹ ሲያማርሩ ነው ትንሽ እንዲነቃነቅ ያደረጉት።

ባኬት_ሙሉ
ያማርራሉ እንጂ! እጅ ምንም ካልተሰማው መንዳት አይደለም። እኔ ባኬቱ ቋጥኝ ሲነካ በዓይኔ አይደለም ማውቀው፣ ሞተሩ ድምጹ ይወርዳል፣ ወንበሩ ይነግረኛል፣ በቂጤ ነው ምነዳው ይቅርታ አድርጉልኝ። ጣርማ በር ደግሞ ጉም ሲወርድ ካሜራ ምናምን ዋጋ የለውም፣ ሁለት ሜትር አይታይህም። ስለዚህ ወንበሯን በደንብ ጻፈው። ግራ እግሩ ልል አፈር ሲረግጥ ግራ ጎኗ ይሰማት።

በርኖስ_ለባሽ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ጋሼ እርስዎን በተለይ። ሌቨር አይደለም ልጓም ነው ምሰጣት፣ ወንበሩንም ጻፍኩት። ግን አንድ ነገር፣ በቅሎ እንቢ ስትልስ? አትሄድም ብትላት ትገርፋታለች?

የመንዝ_ሰው
በቅሎ በከንቱ አትቆምም። መጀመሪያ ወርዳ ከፊቱ ያለውን መሬት ትይ።

ጉም_ዓይኔ
18 ሜትር ላይ ሆና በምን ትውረድ 😂 በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች፣ ይሄም ሲጠየቅ እስካቫተር አጎቴ ነው ይላል

ባኬት_ሙሉ
አጎቱ ከሆንኩማ ነዳጁን ማን ይሞላ እንዳትሉኝ። ደብረ ብርሃን ማደያ ወረፋ ላይ ከፊቴ ሲቆም አስባችሁታል?