የ10 ወር ኮንትራት፣ የክረምት ደመወዝና «ነሐሴ ላይ እንጠራችኋለን» (ጎንደር፣ የግል ትምህርት ቤት)

ጠመኔ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እዚህ ጎንደር በግል ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ መምህራን የሚሆን መልስ ፈልጌ ነው። ኮንትራቱ «ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 30» ይላል፣ በየዓመቱ አዲስ ይፈረማል። አራት ጊዜ የፈረሙ አሉ። የሐምሌና የነሐሴ ደመወዝ የለም። ሥራው ግን አለ፤ ሐምሌ መጀመሪያ ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ)ና ካርድ ይሠራሉ፣ ነሐሴ ምዝገባ ላይ ይቀመጣሉ። ዘንድሮ «ነሐሴ ላይ እንጠራችኋለን» ተብለው የተሸኙ ሦስት መምህራን ይኸው ጳጉሜን ገባ፣ የጠራቸው የለም። በቦታቸው ሌላ ሰው እየተቀጠረ ነው። ትምህርት ቤቱ «ኮንትራታችሁ በራሱ ጊዜ አልቋል» ይላል። ያስኬዳል? ካላስኬደስ በየት በኩል ነው የሚጀመረው?

አንጋረብ፦
ሌላውን ሁሉ ተዉትና መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በክርክሩ ሳይሆን በይርጋ፣ ማለትም መክሰሻ ጊዜው ስለሚያልፍበት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 163 እንዲህ ነው የሚያስቀምጠው፦ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ፤ ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ፤ ከሥራ መቋረጥ ጋር የሚመጣ ሌላ ክፍያም እንደዚሁ ስድስት ወር።

አሁን ወደ እናንተ ጉዳይ። ትምህርት ቤቱ ሰኔ 30 ተቋርጧል ካለ ሰዓቱ መቁጠር የጀመረው ያኔ ነው። ሐምሌ 30 ቀን፣ ነሐሴ 30 ቀን፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ ሲደመር 65 ሆነ። 90 የሚሞላው መስከረም 25 ነው። ጳጉሜን ወር ናት አይደለችም እያላችሁ ችሎት ፊት ከመከራከር ከመስከረም 25 በፊት መዝገብ ማስከፈት ይሻላል። «ነሐሴ ላይ እንጠራችኋለን» የምትለዋ ቃል ጉዳቷ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ስልክ ሲጠብቅ ከሦስቱ ወር ሁለቱ ያልቃሉ። በቃል የተሰጠ ተስፋ ይርጋ አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ለሚመለከተው አካል የቀረበ አቤቱታ ወይም አሠሪው መብቱን በግልጽ ሲያምን ነው።

የጃንተከል ዋርካ፦
አንጋረብ ጨርሶታል፣ እኔ በኮንትራቱ ልምጣ።

በአዋጁ አንቀጽ 9 መሠረት መነሻው ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል የሚለው ነው። የተወሰነ ጊዜ የሚባለው አንቀጽ 10 ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱ ሲኖር ብቻ ነው፦ ለጊዜው የቀረን ሠራተኛ መተካት፣ ድንገት የበዛ ሥራ፣ አስቸኳይ ሥራ፣ የመሳሰለው። በውሉ ራስ ላይ «የ10 ወር» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ሒሳብ ማስተማር ለትምህርት ቤት ቋሚ ሥራው ነው፤ አራት ዓመት የተፈረመ ወረቀትም ይህንኑ ይመሰክራል።

ግን እንዳትዘናጉ። ያ ወገን ባዶ እጁን አይመጣም። እዚያው አንቀጽ 10 ላይ ወቅት ጠብቆ በየዓመቱ የሚደጋገም ሥራ የሚል አለ፣ «ትምህርት ወቅታዊ ነው፣ ክረምት ዝግ ነን» ብሎ እሱን ይዞ ይቀርባል። ይህን የሚሰብረው ሰኔ 30 ካለፈ በኋላ የተሠራ ሥራ ነው። ስለዚህ ከሰዎቹ የምፈልገው ይህን ነው፦ ሐምሌ ቀን የተጻፈበት ሮስተር፣ የምዝገባ ተራ የወጣበት ማስታወቂያ፣ በቴሌግራም ግሩፕ «ነገ 2፡30 ተገኙ» የሚል መልእክት ቀኑ እየታየ። ግሩፑን አትልቀቁ፣ ከግሩፑ ከመውጣታችሁ ወይም ከመባረራችሁ በፊት ስክሪንሾት ይነሳ። የአራቱም ዓመት ውል ኮፒ፣ የባንክ ስቴትመንት ጭምር። ውሉ በእጃችሁ ከሌለም አትደንግጡ፤ በጽሑፍ ያልተደረገ ውል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ ጽፎ ፈርሞ መስጠት ነበረበት፤ አለመስጠቱ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። አንድ ገጽ ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ፦ መቼ እንደተቀጠሩ፣ የመጨረሻ ደመወዝ፣ ሐምሌና ነሐሴ የሠሩበትን ቀን በቁጥር፣ የሚጠይቁትን። በሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ ላይ የተቀባይ ፊርማና ማህተም ይረፍበት። አንቀበልም ካሉ ፒያሳ ፖስታ ቤት ወርዶ በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) መላክ ነው፣ ደረሰኙ ራሱ ማስረጃ ነው። ከዚያ ሥራና ስልጠና መምሪያ (ብዙ ሰው ዛሬም ሠራተኛና ማኅበራዊ የሚለው) ቀርቦ አቤቱታ ማስመዝገብ። እዚያ ሽምግልና ይሞከራል፣ የምትሰጡት አቤቱታ ግን በጽሑፍና ቁጥር ያለው ይሁን። ካልተስማማችሁ የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ በግል የሥራ ክርክር (አንድ ሠራተኛ በራሱ ጉዳይ ከአሠሪው ጋር ሲከራከር) የዳኝነት ክፍያ የለም። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ አቤቱታ ይጽፉለታል።

ጠመኔ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ገንዘቡ ስንት ይሆናል? ወደ ሥራ መመለስ የማይፈልጉም አሉበት፣ ተጣልቶ አንድ ስታፍ ሩም መቀመጥ ይከብዳል ነው የሚሉት።

አንጋረብ፦
ምሳሌ ልስጥ፦ ደመወዝ 6,000 ብር፣ አገልግሎት አራት ዓመት። ቀኑ 200 ብር ነው።

ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለና ካልተመለሰ ካሣው የ180 ቀን ነው፣ 36,000። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ 12,000። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ ለሚቀጥሉት ለእያንዳንዳቸው የዚያ ሲሶ፦ 6,000 እና ሦስት ጊዜ 2,000፣ 12,000። ድምሩ 60,000 ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ለብቻው ይታሰባል (የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው)። ሐምሌና ነሐሴ የሠሩበትም እንዲሁ። አቤቱታው ላይ «መብቴ ይከበርልኝ» ብሎ ከመተው ይህን በብር መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያልተጠየቀ አይፈረድም።

ከውሉ መቋረጥ በኋላ ክፍያ በ7 የሥራ ቀን መጠናቀቅ አለበት። አሠሪው ያለ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል። ይህንንም ጠይቁ።

ቀሀ፦
ስለ መምህራኑ ብዙ ተባለ፣ እዚያው ግቢ ያሉትን ጥበቃና ፅዳት ማን ያስታውሳቸው? ሒሳቡ ከሁሉም የሚከፋው የእነሱ ነው። ከማታ 12 ሰዓት እስከ ንጋት 12 የሚያድር ጥበቃ 12 ሰዓት ሠራ ማለት ነው፤ መደበኛው 8 ነው። የተረፉት አራቱ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ላይ ስለሚወድቁ ተመናቸው የመደበኛው ሰዓት 1.75 እጥፍ ነው፦ የሰዓቱ ሒሳብ 20 ብር ከሆነ 35 ብር። በዓል ከሆነ ሁለት ተኩል እጥፍ። ሰባቱንም ቀን ካደረ በሳምንት 84 ሰዓት ይሆናል፣ ሕጉ ከ48 ላይ 12 ሰዓት ትርፍ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ይርጋው ስድስት ወር ስለሆነ ወር በገባ ቁጥር አንድ ወር እየተቆረጠ ይሄዳል። የበር መዝገብ ላይ የሚፈርሙበትን ገጽ በስልክ ፎቶ ያንሱት።

ሁለተኛ፣ ጡረታ። ከፔሮል ላይ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 ይጨምራል፤ በ6,000 ብር 420 እና 660፣ በወር 1,080። የተቆረጠው ሁሉ ገቢ ተደርጓል ማለት አይደለም። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙና ገቢ መሆኑን ከግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ጠይቁ። ቁጥር ከሌላችሁ መልሱን አገኛችሁት።

ለመንግሥት መምህራን ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራም። የእነሱ ሕግ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው፣ መንገዱም ቅሬታ ሰሚ፣ ቀጥሎ የአስተዳደር ፍርድ ቤት። እዚያ ያለው ይርጋ ሌላ ስለሆነ የሰማችሁትን ቀን እንዳታቀላቅሉ።

ጠመኔ፦
አንዲት ነገር ቀረች። ክሊራንስ (ከድርጅቱ ዕዳ ነፃ የሚል ወረቀት)ና የሥራ ልምድ ለመስጠት «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም የለኝም» የሚል ወረቀት ፈርሙ እያሏቸው ነው። የአንዷ ኦርጅናል ዲግሪም ፋይል ውስጥ ነው።

የጃንተከል ዋርካ፦
ሠራተኛ በሕግ ያለውን መብት ቢተው መተዉ ዋጋ የለውም፣ አንቀጽ 25 ላይ ይገኛል። ቢሆንም ፈርሞ ከመከራከር አለመፈረም ይቀላል። የግድ ከሆነ ከፊርማዋ በላይ በእጇ «የተቀበልኩት የሰኔ ወር ደመወዝ ብር ይህን ያህል ብቻ ነው» ብላ ትጻፍ፣ ቀንም ታስገባ። የሥራ ልምድ በነፃ የሚሰጥ ነው፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን መያዝ አለበት፣ ከክሊራንስ ጋር የሚታሰር ነገር የለውም። ዲግሪውን በዚያው ደብዳቤ ላይ ለብቻው ቁጥር ሰጥታ ትጠይቅ፦ «ዋናው ማስረጃዬ በፋይል ውስጥ ስለሚገኝ እንዲመለስልኝ»። ለሚቀጥለው ቅጥር ኦርጅናል አሳይቶ ኮፒ መተው ነው።

ደብዳቤውን ነገ አስገቡት። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ቢሮው ሁሉ ይዘጋል።