የካ አባዶ ተከራይቶ መቆየት ወይስ ኮዬ ፈጬ ቤት መግዛት?

ጥያቄ፦
አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን የምንኖር ባልና ሚስት ነን። አከራያችን ኪራይ እንደሚጨምሩ በቃል ነግረውናል፤ የገባንበት ግን ገና ስምንተኛ ወራችን ነው። ያጠራቀምነውን ይዘን ኮዬ ፈጬ ብንገዛ ይሻላል ወይስ እዚሁ ብንቆይ? የምታውቁ ብትመክሩን።

መልስ 1፦
በቅድሚያ ውላችሁ በጽሑፍ ተደርጎ መመዝገቡን አረጋግጡ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ጭማሪውንም በዓመት አንድ ጊዜ የሚወስነው ተቆጣጣሪው አካል እንጂ አከራዩ ብቻውን አይደለም።

መልስ 2፦
ሕጉ መልካም ነው፤ ሆኖም ቤት ፈላጊው ብዙ፣ የሚከራየው ቤት ጥቂት በመሆኑ ተከራዩ መብቱን ለመጠየቅ ይፈራል፤ ይህ በእጅጉ ያሳዝነኛል። ሽያጩን በተመለከተ፣ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብዙ ሰው ብሩን በቤት ማስቀመጥን ስለሚመርጥ ሻጭ ዋጋ ለመቀነስ አይቸኩልም። እኔ ኮዬ ፈጬ ቤት ለማየት በሄድኩበት ቀን ቧንቧው ደርቆ ነዋሪዎች ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው አራተኛ ፎቅ ሲወጡ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠዋትም ማታም ሄዳችሁ ውኃውንና የታክሲ ሰልፉን ተመልከቱ።

መልስ 3፦
ኮንዶሚኒየም በዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ ስለማይችል፣ ስሙን ሳያዛውር በውክልና ብቻ የሚቀርብላችሁን ቤት አትግዙ፤ ወካዩ ቢሞት ውክልናው ይቋረጣልና። ካርታውን፣ የባንክ ዕዳውንና የዕግድ ሁኔታውን ራሳችሁ አጣሩ፤ ደላላ ነግሮናል ብላችሁ አትለፉት።