የኖርዌይኛው «ያርንባነ» ከየት መጣ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች! እህቴ ኦስሎ ነው የምትኖረው፣ ክረምቱን ልጆቿ እኛ ጋ ስለሆኑ ከእነሱ ኖርዌይኛ እየለቃቀምኩ ነው። በለገሀር ስናልፍ ትንሹ ሐዲዱን እያሳየ «ያርንባነ» አለኝ። የባቡር መስመር ማለት ነው። «ያርን» ብረት ነው፣ እሱ ገብቶኛል። «ባነ»ን መዝገበ ቃላት ላይ ስፈልግ ግን «ሞት፣ ገዳይ» ይላል። የብረት ሞት ነው እንዴ? ያኔ ባቡር ሰው ይጨርስ ስለነበር ይሆን? የምታውቁ ንገሩኝ አቦ።

መጋላ፦
አብሽር፣ ሞት የለበትም። መዝገበ ቃላቱን ዝቅ ብለህ ብታየው ሁለተኛ «ባነ» ታገኛለህ፣ መስመር ወይም ሜዳ ማለት ነው። የሞቱ «ባነ» ከጥንቱ የሰሜን ሰዎች ቋንቋ የወረደ ነው፣ ነፍሰ ገዳይን «ባነማን» የሚሉት ከዚያ ነው። የመንገዱ «ባነ» ግን የመጣው ከታችኛው ጀርመንኛ ነው፣ በኖርዌይ በርገን ወደብ ላይ ይነግዱ የነበሩት የሃንዛ (የሰሜን ጀርመን ከተሞች የንግድ ማኅበር) ነጋዴዎች ከሚናገሩት ማለት ነው። የኳስ ሜዳውን «ፉትባልባነ» ይሉታል። የኦስሎው የምድር ውስጥ ባቡርም «ቲ-ባነ» ነው፣ «ቲ» ከተነል የተወሰደ ነው። ሙሉው ቃል ደግሞ የጀርመኑ «አይዘንባን» ግልባጭ ነው፤ «አይዘን» ብረት፣ «ባን» መስመር። ኖርዌይ የመጀመሪያዋን የባቡር መስመር የከፈተችው በፈረንጆቹ 1854 ነው፣ ከዛሬዋ ኦስሎ እስከ ኤይድስቮል።

ጀጎል በር፦
መጋላ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለኛው ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ሁሌ ደስ ይለኛል። በፈረንጆቹ 1902 ባቡሩ ድሬ ሲደርስ ፈረንሳዮቹ ይዘውት የመጡት ስም «ሸማን ደ ፈር» ነው፣ እሱም የብረት መንገድ ነው። «ሐዲድ» ራሱ በዐረብኛ ብረት ማለት ነው፣ የባቡር ሐዲድ ባልን ቁጥር ብረት እያልን ነው። «ባቡር» ግን ከሌላ ቤት ነው፤ መነሻው የፈረንሳዩ «ቫፐር» ወይም የጣልያኑ «ቫፖሬ» ነው፣ እንፋሎት ማለት። በዐረቦችና በቱርኮች ዘንድ ስሙ ለእንፋሎት መርከብም ነበር፣ «ምድር ባቡር» ማለት ያስፈለገው ለዚህ ይመስለኛል። የእህል ወፍጮውንም ባቡር የሚሉ አሉ፣ ያው ሞተር ስለሆነ።

የሳቢያን ልጅ፦
ወላሂ አሪፍ ነው፣ ኑሩልኝ! ስዊድኖቹም «ባነ» ነው የሚሉት?

መጋላ፦
አይደለም፣ እነሱ «ያርንቬግ» ነው የሚሉት። «ቬግ» ተራው መንገድ ነው። ትንሹን ጠይቀው፣ በኖርዌይኛም መንገድ «ቬይ» ነው፣ ለባቡር ግን አልተጠቀሙበትም።