ንብ በራችን ላይ ሰፈረ፣ ምን ላድርግ?

የጣፎዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ለገጣፎ ጫፍ ላይ ነው የምንኖረው ከኋላችን እርሻ ነው። ዛሬ ከምሳ በኋላ ውጪ ኃይለኛ ድምፅ ሰምተን ስንወጣ ንብ ግቢውን ሞልቶታል፣ ቆይቶ በሩ አጠገብ ያለው ኮክ ዛፍ ላይ ተሰበሰበ፣ አሁን ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ የእንስራ ያህል ሆኗል። ልጆች አሉኝ፣ መውጫ መግቢያችን ደሞ እሱ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ጎማ አጭሺበት ይላል፣ ዘበኛው ፍሊት እንንፋበት ይላል፣ የባለቤቴ እናት ግን ንብ ቤት ሲመጣ በረከት ነው እንዳትነኩት ብለው ተቆጡ። እኔም መግደሉን አልፈልግም ግን በጣም ፈርቻለሁ፣ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

የሱሉልታ ንብ አርቢ፦
አይዞሽ እህቴ። ፍሊቱንም ጎማውንም ተዪው፣ እማማ ልክ ናቸው። ይሄ መንጋ ይባላል፣ ቀፎ ሲጠብበት አውራዋን፣ ማለት ንግሥቷን፣ ይዞ የወጣ ነው፣ እሷ መሃል ላይ ናት ሌላው ከቧት ያርፋል፣ አሳሾቹ ደሞ ቤት ፍለጋ ይዞራሉ፣ ካገኙ ራሳቸው ተነስተው ይሄዳሉ፣ በሰዓታት ውስጥ ሊሆን ይችላል ጥቂት ቀንም ሊቆይ ይችላል። እዚህ አገር ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ ሁሌ ያለ ነገር ነው። አሁን የሚጠብቀው ማርም እጭም የለውም፣ ሲወጣም ማር ጠግቦ ስለሚወጣ ቀፎ ውስጥ እንዳለው ቁጡ አይደለም። ካስቆጣችሁት ግን ሌላ ነገር ነው፣ አንዷ ስትናደፍ የምትለቀው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል፣ ፍሊት የነካው ንብ ሰፈሩን ሁሉ ነው የሚያሳድደው። ንብ አርቢ አፈላልጊ፣ አመሻሽ ላይ ሁሉም ሲሰበሰብ በቀፎ ይቀበለዋል፣ አውራዋ ከገባች የቀረው ይከተላል። ለሱ ሀብት ስለሆነ ብዙዎቹ በደስታ ነው የሚወስዱት

ሲስተር፦
ጤና ባለሙያ ነኝ፣ እስከዛ ልጆቹን ቤት አስገቢ፣ ውሻ ካለሽም ከዛፉ አርቀሽ እሰሪ። ከነደፈ መንደፊያው ቆዳ ላይ ስለሚቀር ቶሎ በጥፍር ጠርጎ ማውጣት ነው፣ በቆየ ቁጥር መርዙ ይገባል። ከዛ በሳሙና ማጠብና በረዶ ማድረግ። ከንፈር ወይ ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነት ሁሉ ሽፍ ካለ ግን ነጭ ሽንኩርት ምናምን እያሹ ጊዜ ማጥፋት የለም ቀጥታ ሆስፒታል!! ብዙ ንብ የነደፈው ልጅም ደህና ቢመስል እንኳን መታየት አለበት

አባዶ 3፦
ለምን ራስሽ አታረቢውም? ዘመናዊ ቀፎ ገዝተሽ እዛው አስቀምጪው፣ የራስሽ ማር

የሱሉልታ ንብ አርቢ፦
@አባዶ 3 ወንድሜ ሐሳቡ ደስ ይላል ግን ሕፃን የሚመላለስበት በር ላይ ቀፎ አይቀመጥም፣ አንዴ እጭና ማር ከያዘ ጠባዩ ይለወጣል። ሰው የማይበዛበት ጓሮ ካላት፣ የቀፎው አፍ ወደ እርሻው ዞሮ፣ ከዛ በፊት ደሞ ስልጠና ወስዳ ቢሆን እሺ። ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለ፣ የሚፈልግ እዛ ይጠይቅ

የጣፎዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! ከለገዳዲ በኩል አንድ አባት ተገኙ፣ አመሻሽ ላይ የታጠነ ቀፎ ከስር ይዘው ቅርንጫፉን አንዴ ነቅነቅ ሲያደርጉት ዱብ አለ፣ ማንንም አልነደፈም። ግን ዛሬ ጠዋትም ጥቂት ንቦች እዛው ቅርንጫፍ ላይ ይዞራሉ፣ ተመልሶ ሊመጣ ነው እንዴ?

የሱሉልታ ንብ አርቢ፦
አይደለም፣ ውጪ ያደሩ አሳሾች ናቸው፣ የአውራዋ ሽታ ቅርንጫፉ ላይ ስለቀረ ነው። ካልነካችኋቸው በአንድ ሁለት ቀን ይበተናሉ፣ ከዛ ቅርንጫፉን በሳሙና ውሃ እጠቢው