«ኦኬ» ከየት መጣ? የቦስተን ቀልድ ወይስ የወሎፍ ቃል

ብዕረኛው፦ ዛሬም አንዱ የሬዲዮ አቅራቢ «ኦኬ ማለት ዜሮ ኪልድ ነው፤ ከጦሩ ሰው ሳይሞት ሲቀር የሚጻፍ» ብሎ አረፈው። ኧረ በሕግ አምላክ! ቃሉ መጀመሪያ የታተመው ማርች 23 ቀን 1839 እ.ኤ.አ. ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ላይ ነው። «ኦል ኮሬክት»ን (ሁሉም ትክክል ማለት ነው) ለቀልድ በተሳሳተ ፊደል፣ በ«ኦ» እና በ«ኬ» ጀምረው ጽፈው አሳጠሩት። የቋንቋ ተመራማሪው አለን ዎከር ሪድ በ1963 እና 1964 አበጥሮ አሳይቶናል። የተዘጋ ፋይል ነው።

የ6 ኪሎዋ፦ ማን ነው የዘጋው? በምዕራብ አፍሪካው ቋንቋ በወሎፍ «ዋው» አዎ ነው፣ «ካይ» ማጠናከሪያ። የቋንቋ ምሁሩ ዴቪድ ዳልቢ ከዚህ መጣ ብሎ ሲያነሳ ሪድ በሕይወት ነበር።

ብዕረኛው፦ መመሳሰል ዝምድና አይደለም እቴ። የ1790ውን የቴነሲ ፍርድ ቤት መዝገብም «ኦኬ ይላል» ብለው ጮኹበት፤ ሲመረመር «ኦ አር» ሆነ፣ ይመዝገብ ለማለት። በእጅ ጽሑፍ «አር» እና «ኬ» ይምታታሉ።

የ6 ኪሎዋ፦ መዝገቡ የባሪያ ሽያጭ እንደሆነ ለምን ዘለልከው? የተሸጠው ሰው የተናገረውን ማን ጻፈለት? ጋዜጣ ያለው ወገን «ተዘጋ» ይበል እንጂ።

ነገረኛው፦ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ቾክቶዎችስ? የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን «ኦኬህ» እያለ የሚጽፈው ከነሱ ነው ብሎ ነበር።

ብዕረኛው፦ ዊልሰን የተወለደው በ1856 ነው! ምኑን ይመሰክራል? ይልቅ የቦስተኑ ቃል ወንድሞች ነበሩት፦ በተሳሳተ ፊደል እየጻፉ «ኦል ራይት»ን «ኦ ደብሊው»፣ «ኖ ጎ»ን «ኬ ጂ» ይሉ ነበር። ሁሉም የዚያው ሰሞን ፋሽን ናቸው።

ሰላሌ፦ ወንድሞቹ ሞተው እሱ የተረፈው በ1840ው የአሜሪካ ምርጫ ነው። ፕሬዚዳንቱ ቫን ቡረን የኪንደርሁክ ከተማ ሰው ስለሆነ ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ» ብለው የኦኬ ክለብ አቋቋሙ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጃክሰን ፊደል ስለማይችል የፈጠረው ነው» ብለው አላገጡ። ቫን ቡረን ወደቀ፤ ቃሉን ኋላ ቴሌግራፈኞች ወሰዱት።

የ6 ኪሎዋ፦ ይሄ እንዴት እንደተስፋፋ ነው። ምንጩን ነው የጠየቅነው።

ብዕረኛው፦ ከ1839 በፊት አንድ መስመር አምጪ።

የ6 ኪሎዋ፦ የ1816 የጃማይካ ማስታወሻ፣ በባሪያ አፍ «ኦ ኪ» ይላል።

ብዕረኛው፦ «ኪ» እኮ እዚያ የመገረም ድምፅ ነው! እንኳን ስምምነት...

ነገረኛው፦ ቾክቶዎቹን ዘለላችኋቸው።

የ6 ኪሎዋ፦ ለተዘጋ ፋይል ብዙ ጻፍክ፣ ብዕረኛው።