የበራችንን መርገጫ ድንጋይ ለማን እናስረክብ?

የጎርጎራው አናጢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የምኖር አናጢ ነኝ፤ የእናቴ ቤት ግን ጎርጎራ ነው። ጣና በሦስት ወገን በከበበው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለውን ማርያም ግንብ የሚባለውን የድሮ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ታውቁታላችሁ። አያቴ ቤቱን ሲሠራ ከዚያ አንድ ጥርብ ድንጋይ አምጥቶ የበር መርገጫ አደረገው። አበባ ተቀርጾበታል። ግማሹ በእግር ብዛት ተልጓል፤ ግማሹ ግን ደህና ነው፤ ዝናብ ሲጥል ውኃው በቅጠሎቹ መካከል ይቋጠርና አበባው ጎልቶ ይወጣል። አሁን ቤቱ ፈርሶ በብሎኬት ሊሠራ ነው። ወንድሜ መሠረት ውስጥ እንክተተው ይላል። «ልግዛችሁ» ያለ ሰውም አለ። እኔ ግንቡ ሥር ወስጄ ላስቀምጠው አሰብኩ። ይፈቀዳል?

የታሪክ መምህር፦
ወንድሜ፣ እባክህ አትሽጡት፣ አትቅበሩትም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቀው ያዝዛል። የእናንተ ድንጋይ የቆየ ቢሆንም መንገዱ ያው ነው፤ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂድ። ወስዶ ግንቡ ሥር መጣል አይሆንም፤ ነገ የሚያጠና ሰው ከዚያው የወደቀ ይመስለዋል። ብዙ ሰው ግንቡን ኢየሱሳውያን ከሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን አንዱ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ ሠራው ይላል። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1622 አርፏል፤ ዛሬ ፍርስራሹ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። አፄው እ.ኤ.አ. በ1632 ሥልጣኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሲለቁ የኢየሱሳውያኑም ነገር አበቃ። ከዚያ ዘመን ሕንፃ የተረፈ አንድ አበባ እናታችሁ ደጃፍ ላይ ነው። እኔ ብሆን እንቅልፍ አይወስደኝም።

የባሕር ዳሯ፦
ወንድም ዓለም፣ በድጅኖ እንዳትፈነቅሉት። ሳይነሣ እዚያው ሜትር አጠገቡ ዘርግተህ ፎቶ አንሣው፤ ዙሪያውን በእጅ ቆፍሩ። የተጣበቀ ኖራ ካለ አትፋቁት፤ ሲሚንቶም አይንካው። በልጅነቴ ከአባቴ ጋር በጀልባ ሄጄ በቆመው ግድግዳ ላይ ያሉትን አበቦች በጣቴ ዳስሻለሁ። አያትህ መቼ እንዳመጡት ከእናትህ ጠይቀህ ጻፍ።

የጎርጎራው አናጢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሄጄ ለካሁት፤ ፎቶውንም አነሣሁ። እናቴ እንዳለችው አያቴ ድንጋዩን ያመጣው በአህያ ነው፤ እርሷ ገና አልተወለደችም ነበር። ሰኞ ወደ ወረዳው እሄዳለሁ። ወንድሜም እሺ ብሏል። እናቴ ግን አንድ ነገር ጠይቃኛለች፤ እስኪወስዱት ድረስ ማንም እንዳይረግጠው በጎን በኩል ሌላ መግቢያ እንድሠራላት። ጣውላውን ዛሬ ገዝቻለሁ።