«ላይነር» በአማርኛ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤቶች። አንድ ቃል ሁለት ቀን ሙሉ አላስተኛኝም። ስለ ድሮ መርከቦች አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። መርከቧ «ሲቲ ኦፍ ዮርክ» ትባላለች። ኤለርማን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1953 በፈረንጅ ሥራ ያስጀመራት ናት። ከለንደን ተነስታ፣ በላስ ፓልማስ አድርጋ፣ ኬፕታውንንና ደርባንን ነካክታ እስከ ሞዛምቢኳ ቤይራ ትደርሳለች። 107 መንገደኛ ትይዛለች፤ ሁሉም አንደኛ ማዕረግ። ሆዷ ደግሞ ጭነት ነው። እንግሊዝኛው «ፓሴንጀር ካርጎ ላይነር» ይላታል። እኔ «የመንገደኞችና የዕቃ ማጓጓዣ መርከብ» አልኩና መልሼ ሳነበው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መሰለኝ። «ላይነር» የሚለውማ ጭራሽ የለበትም። እስቲ እርዱኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ «ላይነር» ሲባል ሁላችንም ታይታኒክ ነው የሚመጣብን። ትልቅ፣ ያሸበረቀ መርከብ። ቃሉ ግን ከትልቅነት ጋር ጉዳይ የለውም። «ላይን» መስመር ነው። በታወቀ መስመር፣ ቀኗ ተነግሮ የምትመላለስ መርከብ ላይነር ትባላለች። ጭነት ወዳለበት፣ ተከራይ ወደጠራት የምትሄደዋ ደግሞ «ትራምፕ» ናት። ይህን ልዩነት ከሜክሲኮ ታክሲ ተራ በላይ የሚያውቅ አለ? አንዱ የመስመር ነው፣ አንዱ ኮንትራት። «የመስመር መርከብ» በይና ገላገይ።

መልስ፦
ቆይ፣ ቆይ። በሸራ ዘመን ተሰልፈው መድፍ የሚተኳኮሱ የጦር መርከቦች ነበሩ። የእነሱም የእንግሊዝኛ ስም ቃል በቃል ቢመለስ «የመስመር መርከብ» ነው። አይምታታም?

መልስ፦
አይምታታም። ለዚያኛው «የሰልፍ መርከብ» አለልህ። በግእዝ «ሰልፍ» ውጊያም ነው። እንዲያውም ከእንግሊዝኛው ይሻላል።

መልስ፦
«መስመር»ን ተቀብያለሁ። እኔን ያስቸገረኝ ግሡ ነው። እንግሊዝኛ ሰውንም ዕቃንም በአንድ ግሥ ይሸከማል። እኛ ዘንድ ሰው ይሳፈራል፣ ዕቃ ይጫናል። ረዳቱ «ሁለት ሰው ጫን!» ሲል ቅር የሚለን ለዚህ ነው፤ ጆንያ አደረገን። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ስም ለማሰር አትድከሚ። «ሰው አሳፍራ፣ ዕቃ ጭና» ብለሽ በሁለት ግሥ ተናገሪው። አጭር ስም የግድ ካስፈለገሽ «ቅይጥ መርከብ» ይሆናል፤ ቅይጥ ኢኮኖሚ እንደምንለው።

በነገራችን ላይ በባሕር ደኅንነት ስምምነት ከ12 በላይ መንገደኛ የያዘች መርከብ በሕግ የመንገደኛ መርከብ ናት። ብዙ የጭነት መርከቦች 12 ላይ የሚያቆሙት ለዚያ ነው። ከአንድ ሚኒባስ ሰው አይበልጥም! ያንቺዋ 107 ስለያዘች በወረቀት የመንገደኛ ናት። ኑሮዋ ግን የጭነት ነው። ክሬኑ ዕቃ እስኪያወጣና እስኪያስገባ ወደብ ላይ ቀናት ትቆማለች፤ መንገደኛውም ወርዶ ከተማ ያያል። ኮንቴይነር ሲመጣ ያ ሁሉ ቀን ወደ ሰዓት ወረደ።

መልስ፦
ልጆቼ፣ «ባቡር»ን ረሳችሁት? ጣሊያን እንፋሎትን «ቫፖሬ» ይላል። ቱርኩ «ቫፑር» አለው፣ ዐረቡ «ባቡር»። በእንፋሎት የምትሄድ መርከብ ማለታቸው ነበር። ኢስታንቡል ዛሬም «ቫፑር» ብትሉ ወደ መርከብ እንጂ ወደ ሐዲድ አይወስዷችሁም። ቃሉ እኛ ዘንድ ሲገባ ሞተር ላለው ሁሉ ተሰጠ። ወፍጮው ባቡር፣ ሰርኪስ ተርዚያን ለምኒልክ ያስመጣው የእንፋሎት ማሽን «የሰርኪስ ባቡር»። እስቲ «ምድር ባቡር» ስንል «ምድር» ለምን አስፈለገ? በሰማይ የሚሄድ ሐዲድ የለ! እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሌላው ባቡር ባሕር ላይ ስለነበረ ነው።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ ይህን ሳላውቅ ኖሬያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን «ባቡር» ብዬ ብጽፍ አንባቢዬ ሐዲድ ላይ ይወጣብኛል። ደግሞም መርከቧ በናፍጣ ሞተር ነው የምትሄደው፤ እንፋሎቱም የላት። እንዲህ ጻፍኩት፦ «107 ሰው አሳፍራ፣ ሆዷን ጭነት ሞልታ በለንደንና በቤይራ መካከል የምትመላለስ የመስመር መርከብ ነበረች።»

አንድ ልጨምር። በ1971 በፈረንጅ ለግሪኮች ተሸጠች። መኪና የምታሻግር ሆነች፤ ስሟም «ሜዲትራኒያን ስካይ» ተባለ። በ2003፣ ይህም በፈረንጅ፣ ግሪክ አገር፣ ኤሌፍሲና ባሕር ላይ ተገለበጠች። «ተገለበጠች» ልክ ነው?

መልስ፦
ፎቶዋን አይቼዋለሁ። የተገለበጠ ሆዱን ወደ ሰማይ ይሰጣል። እሷ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ በጎኗ ነው ያለችው፤ ግማሽ አካሏ ከላይ ይታያል። «ተጋደመች» በይ።